መንገዱ የሚያርፍበት ቀን

ሥራዬ እንግዳ መምራት ነው። በጋ በመጣ ቁጥር ከደብሊን፣ ከጀርመን፣ ከሆላንድ የሚመጡ ባለ ብስክሌቶችን ከኋላዬ አስከትዬ፣ መኪና በማይገባበት በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ፣ ባሕሩን በግራ ተራራውን በቀኝ አድርጌ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር እወስዳቸዋለሁ። ሃያ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሁልጊዜ ከብስክሌቴ እወርዳለሁ። «እዚህ ጋ በር ነበረ» እላቸዋለሁ። «አንድ ግትር ሽማግሌ በሰንሰለት ጠርቅሞት ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት የከፈተችው። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ።» ያጨበጭቡልኛል፤ አንዳንዶቹም አብሬያቸው ፎቶ እንድነሣ ይለምኑኛል። ይህንን ስምንት ዓመት ሙሉ አፌን ሞልቼ ስናገር ኖሬአለሁ። በሩ ነበረ፤ የከፈትኩትም እኔ ነኝ። የቀረውን ያስተማረኝ አባቴ ነው።

ሽማግሌው ታይግ ይባሉ ነበር፤ ጎረቤታችን ናቸው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። የነበሯቸው አርባ በጎች፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ውሻ፣ ከቤታቸው በታች ደግሞ ባሕሩን ታክኮ የሚሄድ ሁለት ኪሎ ሜትር የሐዲድ መሬት ነው። ሐዲዱ ከተነቀለ ዘመናት አልፈዋል። ባቡሩ ሲቀር መሬቱ ለየገበሬው ተመለሰ፤ ሣር በቀለበት፣ በግ ዋለበት። ብስክሌት መንዳት የተማርኩት እዚያ ነው፣ መንገዱ ገና መንገድ ሳይሆን፣ በሟች እኅታቸው ጥቁር ብስክሌት። ኮርቻው ከደረቴ በላይ ስለነበር ቆሜ ነበር የምነዳው። አባባ ታይግ ከኋላዬ ኮርቻውን ይዘው እየሮጡ «ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ» ይሉኛል። አንድ ቀን ዘወር ብዬ ሳይ፣ በሩቁ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠው ፒፓቸውን ይለኩሳሉ።

«አባባ ታይግ፣ ይዤሻለሁ አላሉኝም እንዴ?»

«በዓይኔ ይዤሽ ነበር» አሉኝ።

ስድስት ዓመት ሲሞላኝ መንገዱ መጣ። ዐሥራ ሁለት ገበሬዎች መሬታቸውን አልሸጡም፣ አልሰጡምም፤ «እለፉበት» ብለው ፈቀዱ እንጂ። በፈቃድ መሆኑ እንዳይረሳ ግን በዓመት አንድ ቀን እያንዳንዱ በሩን ይዘጋል። የተመረጠው የቅድስት ብሪጂድ ቀን ነው፣ ፌብሩዋሪ አንድ፤ ብርዱ ገና ያለቀቀበት፣ እንግዳ የማይመጣበት ቀን ስለሆነ። እኔም ስሜ ብሪድ ነው፣ ያው ብሪጂድ ማለት፤ የስሜ ቀን ነበር።

«ለምንድን ነው የሚዘጋው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«መንገድ እንደ ፈረስ ነው» አሉኝ። «አንድ ቀን ካላረፈ ጌታውን ይረሳል።»

እኔ ይህን ቃል በቃል ነበር ያመንኩት። በዚያ ቀን መንገዱ የሚተኛ መስሎኝ፣ በካቡ በኩል ሳልፍ እንዳልቀሰቅሰው በእግሬ ጣት ነበር የምራመደው። የውሉን ወረቀት ያየሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ስለ እንቅልፍ የሚል ነገር የለበትም። «በተባለው ቀን በሩን ክፍት የተወ ባለመሬት፣ መንገዱን ለሕዝብ ለዘላለም እንደሰጠ ይቆጠራል» ይላል።

በሦስት ዓመት ውስጥ ዐሥራ አንዱ ገበሬዎች በየተራ መሬቱን በፈቃዳቸው ለሕዝብ ሰጡ። አባባ ታይግ ብቻ ቀሩ። የሳቸው ሁለት ኪሎ ሜትር ደግሞ የመንገዱ ዓይን ነው፤ ደሴቶቹ ሁሉ ከፊት ለፊት የሚታዩበት፣ ቢጫው አበባ ከነእሾሁ እስከ ውሃው ጫፍ የሚወርድበት፣ ባሕሩ ሲሸሽ የባሕሩ አረም ሽታ አፍንጫ የሚሰነፍግበት። አንድ ቀን ተነሥተው «ይበቃችኋል» ቢሉ፣ ብስክሌቱ ሁሉ የጭነት መኪና በሚበርበት አስፋልት ሊዞር ነው። አባቴ ማላኪ ደግሞ የኖረበትን የአናጢነት ሥራ ትቶ ብስክሌት ማከራየት ጀምሮ ነበር። አርባ ብስክሌት በመጋዘናችን ተሰቅሏል። ሕይወቱን ሁሉ የሰቀለው በታይግ ፈቃድ ላይ ነበር፤ ይህ እንቅልፍ ይነሣው እንደነበር አሁን ይገባኛል። ቢገባኝም ይቅር አላልኩትም።

ሁለት ጊዜ ሄዶ ለምኗቸዋል። አንዱን ጊዜ እኔም አብሬው ነበርኩ፤ ጥግ ላይ ውሻውን እያሻሸሁ።

«ይፈርሙና ይገላገሉ እንጂ፣ ታይግ። ሁሉም ፈርሟል።»

«እስካለሁ ማን ከለከለ? ይለፉ። ስሞትም ይለፉ። ግን አያቴን የባቡር ሰዎች ሳይጠይቁ ነው መሬቱን የወሰዱባቸው። እኔን በዓመት አንዴ የሚጠይቀኝ ይኑር።»

«ለአንድ ቀን ኩራት ብለው?»

«አዎ» አሉ አባባ ታይግ፤ ሻይ ጨመሩለት።

ስንመለስ አባቴ በመንገድ ሙሉ ቀለደባቸው። «ይኼ ሰውዬ ቢችል ለባሕሩም አጥር ያበጅለት ነበር» አለኝ። ሳቅሁ። አባቴ ሲያስቀኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ዞር ብሎ የማያየኝ ሰው ነው።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ በዚያ ታኅሣሥ ላይ አባባ ታይግ በረዶ አንሸራትቷቸው ዳሌአቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲመለሱ አልጋቸው ከምድጃው አጠገብ ተዘረጋላቸው። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደሳቸው ነበር የምሄደው። ቄጠማ ከረግረጉ ነቅዬ አመጣለሁ፤ ለበዓሉ በየቤቱ የሚሰቀለውን የብሪጂድ መስቀል አብረን እንጎነጉናለን። የሳቸው ቀጥ ይላል፣ የኔ ይወላገዳል። እንዲህ እየጎነጎንን ሳለ ነው የነገሩኝ።

«ዘንድሮ በሩን የምትዘጊው አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ? ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥተሽ ቁልፉን ትወስጃለሽ። ሰንሰለቱን ሁለት ዙር፣ ጓጉንቸሩን አንዴ። ማታ ትከፍቻለሽ። በቃ ይኸው ነው።»

ወደ ቤት በረርኩ። እራት ላይ ድንችና ጎመን ነበር፤ አባቴ እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ።

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት። ሁለት ዙር፣ አንዴ ጓጉንቸር። ዓይኖቹ ፊቴ ላይ ነበሩ፤ በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ አዳምጦኝ አያውቅም። «ቁልፉን በእጅሽ ነው የሚሰጡሽ? ራሳቸው?» አለኝ። አዎ አልኩ። «ጎበዝ ልጅ» አለኝና ፀጉሬን አሻሸኝ። እናቴ ኑላ ሳህኗን አንሥታ ወደ ማጠቢያው ሄደች።

ከጥቂት ቀን በኋላ አባቴ ታላቅ ወሬ ይዞ መጣ። በስሜ ቀን፣ ለኔ ክብር፣ ከከተማው እስከ መንገዱ ጫፍ የብስክሌት ጉዞ ይደረጋል፤ ከፊት የምመራው እኔ ነኝ።

«በሩ ግን ዝግ ነው እኮ» አልኩት።

«እሱን ለኔ ተዪው።»

ማታ እናትና አባቴ ሲነጋገሩ ከደረጃው ላይ እሰማ ነበር። «ማላኪ፣ ልጅቷን ተዋት» አለች እናቴ።

«ምን አደረግኳት? ደስ ነው የሚላት።»

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራኝ።»

እናቴ የፈራችው ብርዱን መስሎኝ፣ በማግስቱ ወፍራሙን ሹራቤን አውጥቼ አሳየኋት። ወስዳ አጠፈችውና ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

በዋዜማው አዲስ ብስክሌት ተሰጠኝ። ሰማያዊ፣ ማርሽ ያለው፣ ኮርቻው በልኬ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ነው፤ እኔማ ሳሩን ብቻ አይደለም፣ ደወሉንም አየሁ።

በበዓሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁልፉን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁ። ሁለት ዙር፣ አንዴ። ተመልሼ ገብቼ «መንገዱ ተኛ» አልኳቸው። አባባ ታይግ ከትራሳቸው ቀና ብለው እጄን ጨበጡኝ፤ እንደ ትልቅ ሰው። ቁልፉን እስከ ማታ ያዢው አሉኝ። ስለ ጉዞው አልነገርኳቸውም፤ አባቴ ለሳቸውም ያልታሰበ ደስታ ይሆንላቸዋል ብሎኝ ነበር።

አባቴ በመኪና ወደ ከተማው ወሰደኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አሁንም በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ብጠላውም ደስታው አልጠፋልኝም። ከመቶ በላይ ሰው ነበር። ዝናቡ ካፊያ ነው፤ ነፋሱ ከጀርባ። ጎማው በእርጥቡ ጠጠር ላይ ሲሽከረከር አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፤ ሁለት መቶ ጎማ ሲሆን ደግሞ እንደ ረጅም ሹክሹክታ ነው። መኪና የለ፣ ጥሩምባ የለ። በግራዬ ባሕሩ ደሴቶቹን አንድ በአንድ ከጉሙ ያወጣቸዋል። አባቴ ከጎኔ ነበር፤ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ሙሉ የኔ ብቻ ነበር።

በሩ ጋ ስንደርስ ሁሉም ወረደ። አባቴ ከፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ታይግ ትናንት ደውሎልኛል» አለኝ። «ለስሟ ቀን ስል ዘንድሮ ይከፈት፣ ራሷ ትክፈተው ብሏል።»

«ራሳቸው አሉ?»

«እኔ አንቺን እዋሻለሁ?»

አባባ ታይግ ቤት ስልክ አልነበረም። በየቀኑ እዚያ ውዬ የማድር ያህል ነበርኩ፣ ግድግዳውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ግን በዚያች ሰዓት አላሰብኩትም። ከፈትኩ። ሰንሰለቱ እጄን አቀዘቀዘው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከበሩ ወዲያ ማዶ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ቆሞ ነበር፤ እንዴት ቀድሞን ደረሰ ብዬ ተገረምኩ። አሁን ሳስበው፣ በጠዋት ካቡን ዘልሎ ገብቶ በተዘጋው በር ማዶ ሲጠብቀን ነበር።

አባቴ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ከጠየቁሽ ራሴ አስቤ ነው በይ። የበለጠ ይወዱሻል» አለኝ። ጋዜጠኛው ጠየቀኝ። «ራሴ አስቤ ነው» አልኩት።

ማታ አባባ ታይግ ተኝተው ስለነበር ቁልፉን አልመለስኩም። ጋዜጣው በማግስቱ ወጣ። የፊት ገጹን በደረቴ ሸጉጬ፣ በሰማያዊው ብስክሌት ሄድኩላቸው። ጋዜጣው ግን ቀድሞኝ ደርሶ አልጋቸው ላይ ተዘርግቶ ነበር። መነጽራቸውን አላወለቁም።

«ማነው ክፈቺው ያለሽ?»

ግራ ገባኝ። ራሳቸው ፈቅደው ለምን ይጠይቁኛል? ከዚያ ገባኝ መሰለኝ፤ እንደ ጋዜጠኛው እየጠየቁኝ ነው፣ ጎበዝ ሊሉኝ ነው። ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ማንም አላለኝም። ራሴ አስቤ ነው።»

ጋዜጣውን አጠፉት። ውሻው ጭራውን ሲወዘውዝ ወለሉ ላይ ይሰማ ነበር።

«ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑሪና ሂጂ» አሉኝ።

በማግስቱ በራቸውን ባንኳኳ አልተከፈተም። በሳልስቱም። አባቴን ጠየቅኩት። «ቀንቶብሽ ነው» አለኝ። «ሰው ሁሉ ስለ አንቺ ማውራቱ አልተዋጠለትም። ግትር ሰው እንዲህ ነው።» አመንኩት። ጥቂት ሳምንት አለቀስኩ፣ ከዚያ ለቅሶዬ ወደ ጥላቻ ተለወጠ። በመስኮታቸው ስር ባለፍኩ ቁጥር ሆን ብዬ ደወሌን አቃጭል ነበር። በተከታዩ ዓመት በበዓሉ ቀን በምርኩዝ ወርደው በሩን ሊዘጉ ሲሉ፣ የመንገዱ ኮሚቴ ሰዎች ወረቀትና ያንን ፎቶ ይዘው ጠበቋቸው። በማግስቱ በሩ ከነምሰሶው ተነቀለ። ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው መንገዱ ዳር ቆመው አየኋቸው። ያኔም ደወሌን ደውዬ አለፍኩ።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ሞቱ። በኛ አገር ለጎረቤት ለቅሶ አለመሄድ ትልቅ ነውር ነው፤ ከጠላትህም ቤት ገብተህ የሟቹን እጅ ትነካለህ። እኔ አልሄድም አልኩ። አባቴ፣ እሱ ራሱ ለቅሶ የማይቀር ሰው፣ «እንደ ፍላጎቷ» አለ።

እንግዲህ ባለፈው ሚያዝያ ኮሚቴው ለመንገዱ የታሪክ ሰሌዳ ሊያቆም ፈለገ። ጽሑፉን የማዘጋጅ እኔ ሆንኩ፤ ከኔ የተሻለ ማን ያውቀዋል? የድሮውን ፋይል በካርቶን አምጥተው ሰጡኝ። ከውሉ ቀጥሎ አባቴ ለኮሚቴው በእጁ የጻፈው ደብዳቤ አለ። በዚያው ዓመት ጥር ውስጥ የተጻፈ ነው፤ ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ።

«ትናንት ልጄ በእራት ላይ እንደነገረችኝ፣ ታይግ የዘንድሮውን ቁልፍ ለእሷ ሊሰጣት ነው። ባለመሬቱ በፈቃዱ ቁልፉን የሰጠው ሰው ከከፈተው፣ እሱ ራሱ እንደከፈተው ይቆጠራል ብዬ አምናለሁ። በዕለቱ ብዙ ሰው አሳልፋለሁ። ፎቶ አንሺም ይኖራል። ልጅቷ እሺ ትለኛለች።»

የመጨረሻዋን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ልጅቷ እሺ ትለኛለች። ለኔ ክብር ያልኩት ቀን፣ የስሜ ቀን ስለሆነ ሳይሆን በሩ የሚዘጋበት ቀን ስለሆነ ነው የተመረጠው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ቤት ስደርስ እናቴ ወጥ ቤት ድንች ትልጣለች። በመስኮቱ ማዶ አባቴ ለሁለት ሆላንዳውያን ኮርቻ እያስተካከለ ያስቃቸዋል፤ ሸምግሏል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። ወረቀቱን ከድንቹ አጠገብ አኖርኩት። እጇን ጠርጋ አነበበችው። አልደነገጠችም።

«ታውቂ ነበር?»

«ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ብሪድ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እንግዶቼን አሰልፌ ያንን ተረት ሳወራ፣ በካቡ ማዶ በግ የሚጠብቀው ሁሉ ይሰማኝ ነበር ማለት ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አባትሽ ሸጠሽ ብዬ?» ቢላዋዋን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። «ከዚህም የባሰ አለ። ካነበብሽው አይቀር ስሚው። በዚያው ዓመት፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ታይግ እዚህ መጥተው ነበር። በሁለት ምርኩዝ። አንቺ ፎቅ ተኝተሻል።»

«እዚህ?»

«እዚያች በር ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው አልገቡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ‹ማላኪ፣ መሬቱን ውሰዱት› አሉት። ‹ከፈለግህ ዛሬውኑ እፈርምልሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልጅቷን ያዘዝካት አንተ ነህ? አንተ ከሆንክ ቅር አይለኝም። እሷ ራሷ እንዳልሆነች ብቻ ልወቀው።›»

«እና አባቴ?»

«‹ራሷ ናት› አላቸው።»

«እፈርማለሁ እያሉት?»

«አላመናቸውም። አዝዣታለሁ ካልኩ ዳኛ ፊት ይዘውኝ ይሄዳሉ፣ ሁሉም ነገር ይፈርሳል ብሎ ፈራ።»

«አንቺስ?»

እናቴ ዓይኗን ወደ ማጠቢያው መለሰች። «እዚሁ ቆሜ ነበር» አለች። «ቀና አላልኩም።»

ውጭ ሆላንዳውያኑ ብስክሌታቸውን ሞክረው ተመለሱ። አባቴ «ብሪድ፣ እንግዶችሽ ዝግጁ ናቸው» ብሎ ተጣራ።

«ከዚያስ ምን አሉ?» አልኳት።

«‹ይሁን፤ ልጅ ናት› አሉ። ባርኔጣቸውን ደፉ። ሊሄዱ ሲሉ ወደ እኔ ዞረው፣ ‹ትምህርት ቤት ቀረች ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ሳሏ ተሻላት ወይ?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ተሽሏታል አልኳቸው» አለች እናቴ። «ደስ አላቸው።»